ስለ ልጄ ስለ የትናየት የታመመ ጥርስ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እንዲሆንልዎ፣ ይልቁንም ጥርስዎን አንዳች እንዳይነካብዎ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ጥርሱን ታሞ እርስዎ ዘንድ የመጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁና።

እኔ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብዬ የምኖር ገበሬ ነኝ። ልጄ የትናየት ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። እጅና እግሯ አይታዘዙላትም፣ አትናገርም፤ ነገር ግን የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ አባቷ ከእርሻ ሲገባ ኮቴውን ለይታ ትስቃለች። ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን እህል እምቢ አለች፣ እጇን ትነክስ ጀመር። እኛ ሆዷ መስሎን ስናሽ፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ ሚካኤል ጠበል ሊረጯት መጥተው ጉንጯን አዩና፣ ይህ የጥርስ እብጠት ስለሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት አሉን። ባለቤቴ አወቀ አዝሏት፣ በኮረኮንቹ መንገድ ስንናጥ ውለን ሆስፒታልዎ ደረስን። ስላደረጉልን መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. የጥርስ ክፍሉን ከደረጃው አናት ላይ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ምድር ቤት ያለው ሰፊ ክፍል የተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ነው ተባልን፤ ወንበሮቹ ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ ስላሰቡላቸው ርኅራኄዎን አድንቀናል።

፪ኛ. ባለሙያዎ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ የልጄን አፍ ሳያዩ ስለ መረመሯት እናመሰግናለን። «ይህች ልጅ አትረጋም፤ ስትረጋ አምጧት» አሉን። ከተወለደች ጀምሮ የምንጠብቀውን ነገር እንዲህ ቅርብ አድርገው ነገሩን። አወቀ ጭኔ ላይ አድርጌ ልያዛት ብሎ ቢለምናቸው፣ ወደ ረዳታቸው ዞር ብለው «ለእንዲህ ዓይነቷ ጥርስ ምን ያደርግላታል?» አሉ። ልጄ ፊቷን አባቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። አወቀ በቀላሉ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ሳይሰናበታቸው ነው ደረጃውን የወረደው።

በማግሥቱ ዓይኗ እስኪጨፈን አበጠች፣ ትኩሳቷም ጠናባት። ሌላ ከተማ ወሰድናት። እዚያ ያገኘናት ሐኪም መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አባቷ አቅፎ እንደ ያዛት አደንዝዛ ነቀለችላት። ልጄ አልረጋችም፤ ጥርሱ ግን ወጣ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ መግሉ ደሟን ይመርዘው እንደ ነበር ነገረችን። የትናየት ሲነጋ ሽሮ ፍትፍት በላች፣ እኔም አለቀስሁ።

አሁን ደግሞ ከጎኑ ያለው ጥርስ እየጠቆረ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ ቤት ነው፤ ያቃሰተች እየመሰለኝ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። በየቀበሌው እንደ እኔ የምትባንን እናት አለች። ስለዚህ ያን የምድር ቤት ክፍል ለልጆቻችን እንዲከፍቱልን፣ ልጅ አቅፎ ማከም የማይጸየፍ ባለሙያም እንዲመድቡልን እለምናለሁ።

ሰላምዎን ስለ ነሣሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ረጅም ዘመን እንዲኖሩ ከመመኘት ጋር፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሐረገ ወይን አገኘሁ
የየትናየት እናት፣ ከስማዳ

ማስታወሻ፦ ጎረቤቴ ላቀች ጥርሱን የታመመ ልጇን ይዛ ነገ ትመጣለች። እንዳልካቸው ይባላል፤ መስማት የተሳነው ስለሆነ ባለሙያዎ ያሻቸውን ፊቱ ላይ ሊናገሩ ይችላሉ። ላቀች ግን ትሰማለች። እኔም አብሬያት አለሁ።