የጎማ ቤቱ አምባሳደር፦ የትርንጎ ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክ (1947–2018 ዓ.ም.)

አምባሳደር ትርንጎ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ዘርጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ደንቡ መስከረም 18 ቀን 1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ አካባቢ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው በልደታ ማርያም ክርስትና ተነሡ። አባታቸው በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በአንዲት የስፌት መኪና ቤተሰብ ያስተዳደሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ለወግ ለማዕረግ የበቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ትርንጎ እና በስድስት ዓመት የሚያንሳቸው ወንድማቸው በሱፍቃድ። ይህን ታሪክ የጻፈው በሱፍቃድ ነው። የጻፈውም ሟቿ ራሳቸው ስላዘዙት ነው።

አምባሳደር ትርንጎ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሰፈራቸው አቅራቢያ በነበረ የካቶሊክ ሲስተሮች ትምህርት ቤት ተማሩ። ፈረንሳይኛን ከሲስተሮቹ አፍ ለቀሙ። አንድ ቀን ከሲስተሮቹ አንዷ ቤት ድረስ መጥተው «ይህቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች» ብለው ለአባታቸው ሲናገሩ፣ ትንሹ በሱፍቃድ በሩን ተደግፎ ስለ እሱም አንድ ነገር እስኪሉ ጠበቀ። ምንም ሳይሉ ሄዱ።

በ1965 ዓ.ም. የጽሕፈት መኪና ትምህርት ጨርሰው በዓመቱ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በነበረ አንድ የአስመጪና ላኪ ድርጅት ለጸሐፊነት እንዲፈተኑ ተጠሩ። ለፈተናው የሚለብሱት ደህና ልብስ አልነበራቸውም። አባታቸው ለበሱፍቃድ የፋሲካ ሙሉ ልብስ እንዲሆን ያስቀመጡት ግራጫ ሱፍ ጨርቅ ነበር፤ እሱን በአንድ ቀን ኮትና ጉርድ አድርገው ሰፉላቸው። በሱፍቃድ «የኔ ነበር እኮ!» ብሎ ሲያለቅስ አባትየው ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «አንተ ገና ታድጋለህ፤ ይጠብሃል» አሉት። እህቱ ሥራውን አገኙ። እሱ ፋሲካን በአሮጌ ቁምጣ ዋለ።

በዚያ ድርጅት አራት ዓመት ሠሩ። የውጭ ደንበኞችን ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ ይመልሱ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ያለ እሳቸው ስብሰባ አይገባም ነበር ይባላል። በ1970 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ቀን እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ በ1977 ዓ.ም. በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚህ መሐል በ1973 ዓ.ም. ከመሬት ቀያሹ ከአቶ አምደሚካኤል ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ሩሃማን ወልደዋል። በ1978 ዓ.ም. በሦስተኛ ጸሐፊነት ዳካር ተመደቡ። ከዚያም በሁለት የአውሮፓ አገሮች አገልግለው በ1994 ዓ.ም. የአምባሳደርነት ማዕረግ አገኙ። በታይፕ ጸሐፊነት ገብተው እዚያ የደረሱ ሰው ናቸው።

በነዚሁ ዓመታት ወንድማቸው ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ጎማ ሲጠግን ቆየ፤ በ1985 ዓ.ም. የራሱን ጎማ ቤት ከፈተ። እናታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ከውጭ የሚላኩትን ፎቶግራፎች ሁሉ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ትርንጎ ከሚኒስትር ጋር፣ ትርንጎ ባንዲራ ሥር፣ ትርንጎ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲፈርሙ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ በአንድ እያሳዩ ያስጎበኙ ነበር። አንዴ አንዲት እንግዳ ወደ በሱፍቃድ ዞረው «የዚህስ ፎቶ የታል?» ብለው ቢጠይቁ፣ እናት «እሱማ እዚሁ ነው፤ ምን ፎቶ ያስፈልገዋል» አሉ። በፍቅር ያሉት ነው። እሱ ግን ለዓመታት ከሆዱ አልወጣለትም።

በ1995 ዓ.ም. ወይዘሮ ፈለቀች ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። በሱፍቃድ ሦስት ዓመት ሙሉ እያጠበ፣ እያጎረሰ፣ አዝሎ ፀሐይ እያሞቀ አስታመማቸው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁ ላይ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ዓይናቸውን ገልጠው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትርንጎ መጣች?»

አምባሳደር ትርንጎ የደረሱት ከቀብር በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ «እማዬ ምን አለች? ስሜን ጠራች?» ብለው ወንድማቸውን ጠየቁት።

«ምንም አላለችም። ተኝታ ነው ያለፈችው» አላቸው።

ሦስት ዓመት ያስታመመው እሱ ነው፤ በመጨረሻ የተፈለጉት ግን እሳቸው ነበሩ። ሌላው ሁሉ አላቸው፤ ይህቺ አንዲት ቃል ብትቀርባቸው ምን ይሆናሉ ብሎ ለራሱ አስቀራት።

አምባሳደር ትርንጎ በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሩሃማ አብረን እንኑር ብትላቸውም «ሰፈሬ ይሻለኛል» ብለው ልደታ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የቤተሰቡ አሮጌ ቤት ፈርሶ በሱፍቃድ ምትክ ባገኘበት ሕንጻ፣ ከእሱ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ቤት ተከራዩ። ከፍ ማለታቸውን እሱ በዚያን ጊዜም ልብ ብሎታል።

በ2007 ዓ.ም. በግል ተወዳዳሪነት ለምክር ቤት ቀረቡ። በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ነዋሪው ተሰበሰበ። ሲገቡ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። መድረክ መሪው «የአምባሳደሯን ወንድም ፊት አስቀምጡልን» አሉ፤ ስሙን የጠራ አልነበረም። ስለ ውሃ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስለሚጠፋበት ነገር ጥሩ አድርገው ተናገሩ። ጥያቄ ያለው ሲባል በሱፍቃድ ተነሣ።

«እህቴ ናት፤ አከብራታለሁ» አለ። «ግን ቤታችን ሲፈርስ አልነበረችም። ዕቃችንን ተሸክመን ስንንከራተት አልነበረችም። እናቷ ስትሞትም አልነበረችም። ነገ ብትመረጥስ እዚህ ትገኛለች?»

አምባሳደር ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድሜ ያለው ሁሉ እውነት ነው» ብለው ተቀመጡ።

አልተመረጡም። ከሁሉም የምርጫ ጣቢያ ዝቅ ያለውን ድምፅ ያገኙት በገዛ ሰፈራቸው ነበር። በሱፍቃድ ለሕዝብ ተቆርቁሮ የተናገረ መስሎት ነበር። የሱቅ ጎረቤቱ፣ ባትሪ ሻጩ አቶ ጀይላን ግን በማግስቱ «ቀንተህ ነው። ሌላ ስም አታውጣለት» አሉት። አኩርፏቸው አንድ ሳምንት ሰላም አላላቸውም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አምባሳደር ትርንጎ ጎማ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ጸሐፊ ትፈልጋለህ?» አሉት።

«ለማን?»

«ለራስህ። ደብዳቤ አትጽፍም፣ የግብር ወረቀትህ ተዝረክርኳል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ነኝ።»

መልሱን ሳይጠብቁ ሁለት የተደራረቡ ጎማዎች አስነሥተው ትንሽ ጠረጴዛ አስገቡ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ሠሩ። እስከዚያ ድረስ በሱፍቃድ ጎማ የሚገዛው ከአከፋፋዮች ነበር፤ እሳቸው በቀጥታ ለፋብሪካዎች በሁለት ቋንቋ እየጻፉ አስመጪ አደረጉት። ሁለት ሰዓት ይገባሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። ለቅሶ ለመድረስ እንኳ «አለቃ፣ ትፈቅዳለህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እሱ ይህ ሹፈት ይሁን እውነት ለይቶ አያውቅም ነበር።

ሰው ግን ጎማ ሊገዛ ሳይሆን እሳቸውን ሊያይ መምጣት ጀመረ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ልጁን የሚያስመክር፣ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ሳይቀር በሩን ሲከፍት የሚለው «አምባሳደሯ አሉ?» ነበር። በሱፍቃድ በገዛ ሱቁ፣ ስሙ በትልቁ በተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የአምባሳደሯ ወንድም» ተባለ። ከሥራ ሊያሰናብታቸው ያሰበባቸው ቀኖች አሉ። ያለ እሳቸው አንድ ኮንቴይነር እንደማያስገባ እያወቀ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ዳካር አብረዋቸው የነበሩ የአንድ አገር አምባሳደር ባንዲራ የተተከለበት መኪናቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ መሬት ላይ የተጋደሙ ጎማዎችን እየተራመዱ ገቡ። በሱፍቃድ የጠቆረ እጁን ከኋላው ደብቆ ግድግዳው ጋ ቆመ። እንግዳው በፈረንሳይኛ ስለ እሱ አንድ ነገር ጠየቁ። እህቱ መለሱላቸው። ይሄኔ እንግዳው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ ከነጥላሸቱ ጨበጣቸው። ከሄዱ በኋላ፣ በጉብዝናቸው ጅቡቲ ሠርተው ፈረንሳይኛ የለመዱት አቶ ጀይላን ጠጋ ብለው «ምን እንዳሉ ታውቃለህ?» አሉት። «‹አለቃዬ ናቸው› ነው ያሉት።»

በሱፍቃድ ያን ቀን ሥራ አልያዝ አለው። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛቸው አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«እትዬ፣ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ካልኩሽ በኋላ ለምን መጣሽ?»

ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ከሩቅ መናደድ ሰለቸኝ። ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ ልናደድብህ ብዬ ነው።»

«እስካሁን?»

«ሁለት ዓመት ያህል ተናደድኩ። ከዚያ ሥራው ጣመኝ። ይልቅ እዚህ ላይ ፈርም።»

ፈረመ።

አምባሳደር ትርንጎ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ አደረጉላቸው። እስከ ግንቦት ድረስ ጎማ ቤቱ ይመላለሱ ነበር፤ ከዚያ አልጋ ያዙ። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወንድማቸውን አልጋቸው ላይ አስቀምጠው «የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው» አሉት።

«እኔ? አሥረኛን ያልጨረስኩት?»

«ሌላ ሰው ከጻፈው የሹመት ዝርዝር አንብቦ የማላውቃትን ሴትዮ ይቀብራል። አንተ እንደሆነው ጻፈው። መናደዴንም ጻፍ፣ መቅናትህንም ጻፍ።»

ያን ጊዜ መቻል አቃተው። «እንግዲያው አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልጽፍም» ብሎ እናታቸው በመጨረሻ የጠየቁትን ነገራቸው። ለምን እንደደበቀም ነገራቸው። አምባሳደር ትርንጎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሁለት ቀን አላናገሩትም፤ ሾርባውን እሱ ቢያመጣው እንኳ የሚቀበሉት ከሩሃማ እጅ ነበር። ለሩሃማ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀይማኝ የሞተች መስሎኝ ነበር» አሏት። ሩሃማ ይህን ስትነግረው አጎቷ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩት።

«ስትጠይቅህ አንተ ምን አልካት?»

«‹በር ላይ ናት፤ ጫማዋን እያወለቀች ነው› አልኳት።»

«አመነችህ?»

«ፈገግ አለች።»

«እሷን ልታስደስት ዋሸህ፤ እኔን ልታስከፋ ደግሞ ዋሸህ» አሉት። ቆይተው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። «ያዘኝ። አሁንም ግን ተናድጃለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ «እስቲ እንደገና ንገረኝ» ይሉት ነበር። እሱም ይነግራቸዋል፦ እናታቸው ዓይናቸውን እንዴት እንደገለጡ፣ ስማቸውን እንዴት እንደጠሩ፣ እንዴት ፈገግ እንዳሉ። እውነቱ ካልቀረ፣ እየነገራቸውም ይቀና ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፤ እሱም በሉኝ ብሎ አልለመነም። እጃቸውን ግን አንድ ቀን አልከለከሉትም።

አምባሳደር ትርንጎ ወልደገብርኤል በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ልጃቸውና ወንድማቸው አጠገባቸው እያሉ አርፈው፣ ዛሬ ኅዳር 10 ቀን በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቀብራቸው እየተፈጸመ ነው። አንዲት ሴት ልጅ፣ ኢያኤልና እድላዊት የተባሉ ሁለት የልጅ ልጆች እና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ፣ በተለይም በሕመማቸው ጊዜ በየቀኑ ለጠየቋቸው ለአቶ ጀይላንና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘይቱና ምስጋናውን ያቀርባል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሰፈርም ከሌላም የመጣ ሰው ጎማ ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ «በሱፍቃድ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ አለፈ። ሁሉም በስሙ ጠሩት። ለዓመታት የተመኘው ይህ ነበር፤ ሲያገኘው ግን የሚቀናበት ሰው አጣ። ከስልሳ ዓመት በላይ በአንድ ሰው ሲቀና የኖረ ሰው፣ ያ ሰው ሲሄድበት በባዶ ቤት ውስጥ እንደቀረ ያህል ነው።

የሰውን ሁሉ ልብ የሚያይ አምላክ የእህቴን ድካም ቆጥሮ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለልጇና ለልጅ ልጆቿ መጽናናትን፣ ለእኔም ከቅናቴ ያረፈ ልብ ይስጠኝ። አሜን።