ጳውሎስ በሰበከበት ኮረብታ

ፍራንክፈርት፣ ግንቦት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ አማቴ ለእማማ አዳነች፣

የጌታ ሰላም ሆሳዕና ከተማ ድረስ ይድረስልኝ። እኛ ደህና ነን።

አቴና ላይ ከኋላችን የቆመ ጀርመናዊ ለሚስቱ «ይህን ኮረብታ ጤነኛ ሰው በአሥር ደቂቃ ይወጣዋል» ሲል ሰምቼ አመንኩት። እኔና ሮማን አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ልጅዎ በየድንጋዩ እየተቀመጠች «ከዚህ ሲያዩት እንዴት ያምራል» ትለኛለች፤ የምታየው ግን የገዛ ጫማዋን ነበር።

ጉዞውን ያዘጋጀው የጸሎት ኅብረታችን ነው። አስጎብኚው እንዳስረዳን፣ የጥንት ግሪኮች ንግግርን በውሃ ሰዓት ይለኩ ነበር፤ ከእንስራው የሚንጠባጠበው ውሃ ሲያልቅ ተናጋሪው አፉን ይዘጋል። ለመሪያችን ለወንድም በሪሁን አንድ ብገዛለት ምንኛ ደስ ባለኝ። ጫፉ ላይ ሮማን ደረቷን ይዛ ስትንበረከክ፣ «መንፈስ ነካት፣ ጸልዩ» ብሎ አዘዘ። ሠላሳ ሰው ከቦ እጁን ጫነባት፤ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አልተዉላትም።

«ውሃ ስጧት» ስል፣

«ወንድም ኢዮስያስ፣ የጌታን ሥራ አትከልክል» አለኝ።

አስጎብኚው እንኳ ለአክብሮት ባርኔጣውን አወለቀ። ባለፈው እሁድ ደግሞ በሪሁን ይህንኑ ምስክርነት አድርጎ ሲያወራ ተጨበጨበለት፤ እኔ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠይቅም።

ሮማን ሳትደውልልዎ የሰነበተችው ኒደርራድ ሰፈር ያለው የቢሮ ጽዳት ሥራ ፋታ ስለነሳት ነው። ጉልበትዎን ትስማለች። ዕድሜዎን ጌታ ያርዝምልን።

ነርሶቹ ጠያቂ የሚያስወጡት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃሁ።

ልጅዎ ኢዮስያስ