ስለ አምስቱና ስለ ሰባቱ ዘንግ የተሰጠ ቃል

እኔ በግራናዳ ከተማ ጊታር ስሠራ የኖርኩት ባልዶሜሮ ኬሳዳ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1911 ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የኑዛዜ ቃል ሰጥቻለሁ። የሚጽፉልኝ የውል ጸሐፊው ዶን ፌርሚን ናቸው። ምስክሮቼ ዳቦ ጋጋሪው ሲሪያኮና ከመንገዱ ማዶ ያለው ጊታር ሠሪ ኤውሎሂዮ ሮልዳን ናቸው። ኤውሎሂዮን ሃያ አምስት ዓመት ሰላም ብዬው ስለማላውቅ መጠራቱ ሳይገርመው አልቀረም።

ሱቁን፣ መጋዞቼንና መላጊያዎቼን ለአንዲት ልጄ ለአንጉስቲያስ ሰጥቻለሁ። ሙያውን ከእኔ ተምራለች፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሃያ ዓመት የደረቀው የጥድ ሳንቃም የእርሷ ነው፤ እኔ ለተሻለ ቀን እያልኩ ስቆጥበው አረጀሁ። የእህቴ ባል ጊታር እንድተውለት ለምኖኛል። ሲጫወት ስለሰማሁት ወንበሬን ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ከኤውሎሂዮ ጋር የተጣላነው ከጊታር የፊት ሳንቃ ሥር ደግፈው እንዲይዙት በሚለጠፉት ቀጫጭን ዘንጎች ብዛት ነው። እኔ አምስት ይበቃል ስል እርሱ ሰባት ይላል። ሟቹ ጊታር ተጫዋች ሲስቶ በየአዳራሹ የተጫወተባት የእኔ ሥራ ጊታር ስሜን ባስጠራች ጊዜ፣ ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ «አምስት! ቁጠር!» እያልኩ ወደ ማዶ እጮኽበት ነበር። መልሶልኝ አያውቅም። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ከገና በፊት የሲስቶ ሚስት ጊታሯን አምጥታ ሰጠችኝ። የገዛ ሥራዬን ምስጢር ልቅዳ ብዬ ከፈትኳት። ዘንጎቹ ሰባት ናቸው። ጊታር የጠገነ ሰው ከሳንቃው ውስጥ በእርሳስ መጻፉ የሙያችን ልማድ ነውና እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «ባልዶሜሮ ሳንቃውን ከልክ በላይ ስላሳሳው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ሲስቶ ደብቆ አምጥቶልኝ በአዲስ ለወጥኩት። ስሙ የታተመበትን ወረቀት አልነካሁም፤ ሕፃን ልጅ አለችው። ኤውሎሂዮ፣ 1889።»

ስለዚህ ጊታሯን ለኤውሎሂዮ ሰጥቻለሁ፤ የእኔ ስም ተልጦ የእርሱ ይለጠፍባት።

ዶን ፌርሚን የተባለውን ሁሉ ይጻፉ ብያለሁ። አንጉስቲያስ ከአልጋዬ ግርጌ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ሰው የሚመጣልን እኮ በዚያች ጊታር ስም ነው! እርስዎ ነፍስዎን ሊያጸዱ እኔን ባዶ ሱቅ ላይ ሊጎልቱኝ?»

እውነቷን ነው። አፈርኩ።

ኤውሎሂዮም፣ «ወረቀቱን ከላጥክ አልፈርምም። ያኔ ያልነካሁትን አሁን አልነካም» አለ።

«እንግዲያ ምን ልስጥህ?»

«ምንም። ነገ ልጅቱን ይዘህ ማዶ ተሻገር። መራመድ ካቃተህ ሲሪያኮና እኔ እንሸከምሃለን። አንተ ደረቅ፣ አምስት ለምን እንደማይበቃ በእጅህ ሳላስዳስስህ የት ትሄዳለህ?»

አለቀስኩ። ይህም ይጻፍ።

እኔ የውል ጸሐፊው ፌርሚን፦ ሁለቱ ምስክሮች በፊቴ ፈርመዋል። ተናዛዡ ግን ብዕሩን ከተቀበሉ በኋላ፣ «ነገ ቀጠሮ አለኝ» ብለው ሳይፈርሙ መልሰውልኛል።