በርበሬ መጠቅለያው ላይ ያገኘሁት ታሪክ

ሐሙስ፣ ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡00

ሙቀት። ቅጠል አይነቃነቅም። ሸዋ ሮቢት ገበያ፣ መደቡ ላይ ያለነው እኔና የመደብ ጎረቤቴ ዘይነባ ብቻ። እሷ ሽንኩርቷን ትገላብጣለች። እኔ አብሽ እነፋለሁ፣ በየመሀሉ ስልኬን አያለሁ። ኔትወርክ የለም።

ሐሙስ ነዋ። የጽሑፍ ቡድናችን ቀን። ደብተሬ፣ ስንቴ ነገርኩሽ፤ በየሐሙሱ ሦስት ባለ ተራዎች የጻፉትን በኢንተርኔት ይለጥፋሉ፣ ሌሎቻችን አንብበን አንድ የወደድነውን፣ አንድ የጎደለውን እንናገራለን። ከሃያ አንበልጥም። ፊት ለፊት የተያየን የለም። ከአምስት ወር በፊት ስገባ ሰላምታ እንኳ አልጻፍኩም። አሁን አንድ ሐሙስ ካለፈኝ እህል አይወርድልኝም።

የሚቀጥለው ሐሙስ ተራዬ ነው። ሦስተኛዬ። በመጀመሪያው ጋሼ ተክሌ (ማጀቴ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ፤ ከዚህ በኋላ ጋ/ተ) ሰዎችሽ ሁሉ ያለቅሳሉ፣ እስቲ አንዱ ያስነጥስ አሉኝ። እውነት ነው። በሁለተኛው፣ ታሪክሽ ጎርፍ የቆረጠው መንገድ ነው፣ ጫፉ ላይ አቁመሽን ትሄጃለሽ አሉ። ይሄም እውነት። ግን ምን ላድርግ? ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ማንበብ የለመድኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ጋዜጣ፣ የተማሪ ደብተር፣ ሽፋኑ የጠፋ መጽሐፍ። በኪሎ ይመጣል፣ ለሁለት ለአራት ይቀደዳል፣ በርበሬ ይጠቀለልበታል። ሳልጠቀልል አነባለሁ። የታሪክ መጨረሻ ያለበት ቁራጭ ደርሶኝ አያውቅም። ሰው እንዴት እንደሚጨርስ ከየት ልወቅ?

እሑድ፣ ግንቦት 7፣ ከቅዳሴ መልስ

ደመና አለ፣ ዝናብ የለም። ብቻዬን።

የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። የምወዳቸውን ቁራጮች የማስቀምጥበት። ከሁሉም ዕድሜው የገፋው አንድ የደብተር ገጽ ነው። ሰማያዊ ቀለም፣ እንደ ጥልፍ የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት፣ ጥጉ ላይ የበርበሬ እድፍ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ አለ። ላዩ ላይ ታሪክ አለ፦ አንድ ሰው ጣርማ በር፣ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ ቆሟል። ተጣልተው የተለያዩትን ወንድሙን ይጠብቃል። ጃንጥላ ይዟል፣ አልዘረጋውም። መኪና ይመጣል። በሩ ይከፈታል። እዚያ ላይ ተቀዷል።

ማን ወረደ? ቅመም ስነፋ፣ ልብስ ሳጥብ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠይቄያለሁ። ዛሬ አወቅኩ። ወንድሙ አይደለም። የወንድሙ ሚስት ናት፣ አይቷት አያውቅም። ምንም አይጠይቃትም። ጃንጥላውን ዘርግቶ ይሰጣታል፣ እሱ እየረጠበ ከኋላዋ ይከተላል። አለቀ። በአርባ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያ መጨረሻዬ።

የላይኛውን፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን፣ እንዳለ ገለበጥኩት፤ የእኔን ከሥሩ ቀጠልኩ። መጠቅለያ ወረቀት ነው፣ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም። መደብ ከያዝኩ ጀምሮ ይሄ ወረቀት የማን ነው ያለኝ ደንበኛ የለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11፣ ከቀኑ 10፡00

ሙቀት፣ አቧራ። ዘይነባ (ዘ.) ከጎኔ አለች።

ጠዋት ለጠፍኩ። እስከ ምሳ አሥራ አራት ሰው ጽፎልኛል። አስተባባሪዋ ምሕረት ሌላ ሰው ሆነሽ መጣሽ አለችኝ። ብቻዬን ስስቅ ዘ. አይታኝ፣ ምነው፣ ባል ተገኘ እንዴ ትለኛለች።

ከዚያ ደግሜ አነበብኩ። ሁሉም የሚያነሱት ጉሙን ነው። የዋሻውን አፍ። ያልተዘረጋውን ጃንጥላ። ከታች ያለውን፣ የእኔን፣ ያነሱት ሁለት ሰዎች ብቻ። ደስታዬ ተንጠፈጠፈ። ቁጭ ማለት አልቻልኩም፣ የተነፋውን አብሽ መልሼ ነፋሁ።

ጋ/ተ ዝም ብለዋል። እሳቸው ዝም ብለው አያውቁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 12፣ ጠዋት

ጋ/ተ ለብቻዬ ጻፉልኝ። አራት መስመር። «የታሪኩ መጀመሪያ የእኔ ነው። ሸዋ ሮቢት ሳስተምር ደብተር ላይ ጽፌው ነበር። ስዛወር ከአሮጌ ወረቀት ጋር ትቼው ሄድኩ። አንቺ ከየት አገኘሽው?»

ስድብ የለበትም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ያ የእጅ ጽሕፈት የእሳቸው። ፊደሌን ያሳመርኩት እሱን እያየሁ ነው። አምስት ወር ያረሙኝ እሳቸው። የወሰድኩባቸው እኔ።

ከቡድኑ ለመውጣት አንዴ መንካት ይበቃል። ጣቴን አስጠግቼ መለስኩ። ሦስቴ። ብወጣ ማንም አይፈልገኝም፣ ስሜንም አያውቁም። ግን ሐሙስን ምን ላደርገው ነው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13፣ መደብ ላይ

ለዘ. ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ማንበብ አትወድም፣ መፍረድ ግን ትወዳለች።

«ወላሂ ጤና የለሽም» አለች። «ወረቀቱን ጥሎ የሄደ ራሱ። አንቺ ባታነሺው ይሄኔ የማን እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ ነበር።»

ቀለል አለኝ። ለአንድ ደንበኛ ሽንኩርት መዝና ስትመለስ ግን ሐሳቧ ዞሯል።

«ቆይ አስኔ። የጠፋችብኝ ፍየል ሰው ቤት ብትገኝ ግን ፍየሏ የኔ ናት።»

እዚያው ወልዳ ብትገኝስ አልኳት።

ሽንኩርቷን ትታ አየችኝ። «እሱን ቃዲ ይፍረደው። አንቺ መጀመሪያ ፍየሏ እኔ ቤት ናት በይ።»

ሰኞ፣ ግንቦት 15፣ ከቀኑ 11፡00

ለጋ/ተ ጻፍኩ። ምንም አላስቀረሁም። ቅመም ሻጭ መሆኔን ጭምር፤ ቡድኑ መምህር ትመስለናለች ሲል ሰምቼ ዝም ያልኩ ነኝ። የወረቀቱን ፎቶ ላክኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ አላስችል አለኝና፣ እርስዎ ያሰቡት ማን ወረደ ብለው ነው አልኩ።

መለሱ። ፎቶውን ብዙ አይቻለሁ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም አሉ። ማን እንደ ወረደ አያውቁም። እዚያ ላይ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገቡ፣ አልተመለሱበትም።

ስለዚህ የተቀደደው የታችኛው ግማሽ ባዶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ወረቀት ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ከሥር አንድ ነገር ጨምረዋል። «ለቡድኑ እኔ አልናገርም፤ አንቺ እስክትናገሪ ግን ጽሑፍሽን አላርምም።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 17፣ ከሰዓት

ወበቅ። ሰማዩ ከብዷል፣ አይወርድም። ዘ. ካራቆሬ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ደንበኛ የለም።

ለቡድኑ የምለውን መጠቅለያ ጠርዝ ላይ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። አምስት ጊዜ። አንዱ ረዘመ። አንዱ ለመነ። በሁሉም ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ እሷም እኔ ነኝ። ጋ/ተ ቢያዩት እስቲ አስነጥሺ ይሉኝ ነበር። ሳልወድ ሳቅኩ።

እፈራለሁ፣ ደብተሬ። ከነገ በኋላ ምን ብጽፍ፣ ይሄስ የማን ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። መምህር ስላልሆንኩ የሚያፍሩብኝም አይጠፉም። ምሕረት ታስወጣኝ ይሆናል። ብናገር ቡድኑን አጣለሁ፣ ባልናገር እሳቸውን። እሳቸው በሌሉበት ደግሞ ሐሙስ የአጨብጫቢ ቀን ነው። ማን ይነግረኛል የጎደለውን?

ነገ። ሰው ሳይበዛ። አጭር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሌሊት ዘንቧል። መሬቱ ርሶ ቀዝቅዟል። ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን እንዳለ ልጻፍ።

12፡30 ወጣሁ። ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚይዘው መናኸሪያው አጠገብ ነው። ባጃጆቹ ጥግ ቆሜ ጻፍኩ፦ ስሜ አስናቀች ነው። ሸዋ ሮቢት ቅመም እሸጣለሁ። ባለፈው ሐሙስ ካነበባችሁት ውስጥ ከጉሙ እስከ መኪናው በር ድረስ የጋሼ ተክሌ ነው፤ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አግኝቼ ሳልናገር ገለበጥኩት። ከበሩ በኋላ ያለው የኔ ነው።

አንዴ አነበብኩት። የሚያለቅስ የለም። ላክኩ።

ወረቀቱን ከቆርቆሮው ይዤው መጥቻለሁ። በፖስታ አሸግኩ፣ ላዩ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። ፊደሌ የእሳቸውን ፊደል መስሎ ቁጭ አለ። የማጀቴ ሚኒባስ ሹፌር ያውቃቸዋል፣ አስተምረውታል። ሰጠሁት። አምጪ አላሉኝም። ፍየሏ ወደ ቤቷ ትሂድ።

2፡00 መደብ ከፈትኩ። ዘ. ቀድማኝ ደርሳለች፣ ሽንኩርቷን ትደረድራለች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንድ ማንኪያ አብሽ አለች። ከክምሩ ጋዜጣ አነሳሁ፣ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ የሞላበት። ስልኬ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። አላየሁትም። ወረቀቱን ሳልቀድ ሙሉውን ጠቀለልኩላት።

ዘ. ከሽንኩርቷ ቀና ብላ፣ ለማንኪያ አብሽ ጋቢ አለበስሽው አለችኝ።