ከእንግዲህ ጫት አይላኩ

ለባለቤቴ እናት፣ ለተከበሩት ኻላ፤

ሰላም ይድረስዎ። ጉልበትዎ ተሻለዎ? ደም ግፊቱስ? ስለ ምላስዎ አልጠይቅም፤ ደህና መሆኑን ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ይነግረኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ትናንት ለልጅዎ የላኩት ጫት ደርሷል። ለጎረቤት ፍየል ሰጠኋት፤ የተረጨበት የተባይ መድኃኒት ሸትቷት ነው መሰለኝ ፊቷን አዞረች።

ሁለት ጽንስ ሲወርድብኝ ያሉኝን አልረሳሁም። «ወንፊት ነሽ፤ ዘር አትቋጥሪም» አሉኝ። ጀርባዬን አሳገሙኝ፣ ክታብ አሳሰሩኝ፣ አብሽ ጠጪ እያሉ አንገሸገሹኝ። ጉንጩን በጫት ወጥሮ ሲያጨስ የሚውለውን ልጅዎን ግን «ምን በላህ? መቼ ተኛህ?» ያለው ሰው አልነበረም።

ኢብ ከተማ ያለችው ሐኪም ናት መጀመሪያ እሱን የጠየቀችው። ልጅዎ ቃኢድ ተናዶ፣ «የምታረግዘው እሷ፣ የምመረመረው እኔ?» አላት። «ዘሩስ የማን ነው ወንድሜ? እርሻውን ብቻ እየወቀስክ እስከ መቼ?» አለችው። መርዝ የተረጨበት ቅጠልና የሲጋራው ጭስ ለዘሩም ለእኔም እንደማይበጅ ቁጭ አድርጋ ነገረችው።

ጫቱንም ሲጋራውንም የተወ ሰሞን ሰው አልነበረም። በትንሽ በትልቁ ይጮኻል፤ ሬዲዮናችንን ከግድግዳ አላትሞ ሰበረው። ይኼኔ ነው እርስዎ «አስደገመችበት» ብለው ያስወሩብኝ። አሁን ከዐሱር ሶላት በኋላ አብሮኝ ዳገቱን ይወጣል፣ እራቱን በደንብ ይበላል። ሲጋራ ሲያምረው ዘቢብ ያኝካል።

የሐጅ ሙርሺድን ልጅ እንዳጩለትም ሰምቻለሁ። «ምራቴ እስከ ዒድ ካላረገዘች ያገባታል» ብለው ለአባቷ ቃል ሰጥተዋል አሉ። እንግዲያው ይስሙኝ፤ አርግዣለሁ። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ከዚህ በፊት እዚህ ደርሼ አላውቅም። እፈራለሁ። ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ደም አያለሁ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ እስር ጫት እዚህ ደጃፍ ቢደርስ፣ የልጅ ልጅዎን ፊት አያዩም። «ባለጌ» ይበሉኝ፤ ከዚህ የባሰም ብለውኛል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል። እንግዲህ ጽሕፈቱን ልብ ብለው ይዩት። ልጅዎ ጅዳ ሳለ በየወሩ ይጽፍልዎ ነበርና የእጁ ጽሕፈት አይጠፋዎትም።

አላህ ጤናዎን ይስጥዎ፣ ልብዎንም ያራራልን።

ምራትዎ