አርባ አንድ ደቂቃ ከእማዬ ጋር

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ዛሬ መድኃኒት ቤት ሥራ የምገባው ከሰዓት ነው። ጠዋቱን ለራሴ ብዬ ልብስ ዘፍዝፌ ነበር... እማዬ ደወለች። እማዬ ደወለች ማለት ከሳጉሬ ተነስታ እዚህ አሰላ አጠገቤ ቁጭ አለች ማለት ነው።

አሁንም እያወራች ነው። ድምፁን ወደ ውጭ አድርጌ ስልኩን ከሳፋው አጠገብ አስቀመጥኩት። እጄን አደራርቄ ይህችን እጽፋለሁ። በየመሀሉ "እህ" እላለሁ። መዝጋት? በእኛ ቤት ታላቅ ሳይዘጋ ታናሽ አይዘጋም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚች ነገር አንዴ በጥፊ ብሎኛል።

እስካሁን የሰማሁት... ላሟ ወለደች። የጎረቤት ልጅ ተመረቀ። የእድሩ ድንኳን ተቀደደ፣ ማን እንደቀደደው አይታወቅም፣ እሷ ግን ታውቃለች። አሁን ወደ ዋናው ገባች። "ሠላሳ አንድ ሞላሽ እኮ ፀዲ! ያ ልጅ ምን ጎደለው?" ምንም አልጎደለውም እማዬ። እህ።

የኋላሸት ቢኖር ያድነኝ ነበር። ወንድሜ ካልሆነ እማዬን የሚያስቆማት የለም። ዛሬ ዲክሲስ ማሳው ላይ ነው። ስንዴው ተባይ ገብቶበት መድኃኒት እረጫለሁ ብሎኝ ነበር ትናንት። ጓንት አድርግ አልኩት። ሳቀብኝ።

ዳታውም ቆሟል። ቴሌግራም ላይ ክቧ ብቻ ትዞራለች። ሁሌም ሳወራ እንዲህ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"በይ ቻው፣ ካርዴ አለቀ!"

ተመስገን። አርባ አንድ ደቂቃ!

ስልኩ ተከታትሎ ጮኸ። አራት መልእክት። የኋላሸት ነው

እሑድ፣ መስከረም 11

አርብ ቀበርነው። ትናንት ሰልስቱ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ልጻፈው።

4፡14። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ፎቶ። "ፀድዬ ይሄ ነገር ራስ ያዞራል እንዴ?"

4፡19። "የጀርባው መርጫ ያፈሳል። ሸሚዜ ርሷል። ላብ በላብ ሆኛለሁ"

4፡26። "አይኔ ብዥ አለብኝ።" ፊደሎቹ ተዘበራርቀዋል።

4፡31። ድምፅ። አስራ ዘጠኝ ሰከንድ። "ደወልኩልሽ፣ ተይዟል። እማዬ ጋም ደወልኩ፣ ተይዟል። እርስ በርስ ናችሁ መሰለኝ... በቃ ተጫወቱ። ስትጨርሱ ደውሉልኝ።"

ጨረስን። 4፡46። ስድስት ጊዜ ደወልኩለት። አላነሳም። የማሳው ጎረቤት ከዲሮ ያገኘው አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በባጃጅ ወደ ዲክሲስ ጤና ጣቢያ ይዞት ሲሮጥ መንገድ ላይ አረፈ።

እኔ እኮ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው! ሸሚዝህን አውልቅ፣ ገላህን በሳሙና ታጠብ፣ ሰው ጥራና ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ይህን ለማለት አስር ሰከንድ ይበቃ ነበር። አስር ሰከንድ አጣሁለት። የእድር ድንኳን ወሬ ስሰማ።

እማዬ በለቅሶው መሀል አይን አይኔን እያየች፣ "ምነው ልጄ ለእናቱ እንኳ ሳይደውል? ለአንቺም አልደወለልሽ?" አለችኝ።

"አልደወለም" አልኳት።

ምን ልበላት? ድምፁን ካሰማኋት ያን ሰዓት መስመሩን የያዝነው እኔና እሷ እንደሆንን ታውቃለች። ልጇን የቀበረች ሴት ናት። ይህን ከጨመርኩባት ትሞትብኛለች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ስልክ ጠጋኙ ኖህ ጋ ሄድኩ። ሲወራ ዳታ የሚቆመው ለምንድን ነው አልኩት፣ የሰው ጉዳይ አስመስዬ።

"በየትኛው ሲም ነው የሚወራው?"

በድሮው። ዳታው በአዲሱ ነው፣ ጥቅሉ ስለሚረክስ።

"ነዋ! ይሄ ስልክ ሁለት ሲም ቢጎርስም ጆሮው አንድ ነው። በአንዱ ሲያወሩ ሌላው ይደነቁራል። ዳታውንም ጥሪውንም በአንዱ አድርጊው፣ ይችን ደግሞ እንዲህ..." ነካ ነካ አደረገው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። "በይ ደውዪልኝ።"

ደወልኩለት። እያወራን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ወዲያው ገባ። የድመት ፎቶ ነው።

ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። ኖህ ደንግጦ ወንበር አቀረበልኝ። "ምን አጠፋሁ እህቴ?" ይላል ምስኪን።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። አወጣሁት። ምንም የለም። ዛሬ አምስተኛዬ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የኋላሸት ኦንላይን ገባ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቁርስ ልበላ ስል ነው። በየቀኑ ስሙን ከፍቼ አያለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል። ዛሬ ከስሙ ስር "ኦንላይን" ይላል። "ወንድሜ?" ብዬ ጻፍኩ። እብደት ነው፣ አውቃለሁ... ግን ጻፍኩ። ተነበበ! በስመ አብ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ከዲሮ ነው።

"አካም ጂርታ ፀዲ? አትደንግጪ። ስልኩ ባጃጁ ወንበር ስር ወድቆ ኖሯል፣ ዛሬ ተገኘ። ቻርጅ አድርጌ ሳበራው ያንቺ ጽሑፍ ገባ። ወላሂ እኔም ደንግጫለሁ!"

የኋላሸት ስልኩን ቆልፎ አያውቅም። ማንም ይከፍተዋል።

"ለእኔ አምጣልኝ ከዲሮ፣ እባክህ።"

"አይሆንም። የልጅ ዕቃ ለእናት ነው የሚሰጠው። ነገ ሳጉሬ ወርጄ ለእማማ ፋናዬ አስረክባለሁ።"

ልክ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ትናንት ተዝካሩ ነበር። ሳጉሬ የሄድኩት ግን ለተዝካሩ ብቻ አይደለም። ለማጥፋት ነው የሄድኩት።

ሰዉ ዳሱ ውስጥ ሲበላ ጓዳ ገባሁ። ስልኩን እማዬ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፣ በነጠላ ተጠቅልሏል። አራቱንም መልእክት መረጥኩ። ከእኔም ከእሱም ስልክ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልነካው ጣቴን ዘረጋሁ...

"አታጥፊው።"

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምኑን?" አልኳት።

"የላከልሽን ነዋ። ከዲሮ ስልኩን ሲያስረክበኝ ነግሮኛል።" ገብታ በሩን ገጠም አደረገችው። "ያን ቀን ከአንቺ ጋር ሳወራ ስልኬ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ሁለት ጊዜ። ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። የኋላሸት ይላል። ስሙን ማንበብ አያቅተኝም። ስጨርስ እደውልለታለሁ አልኩ። አንቺን ስለ ባል መጨቅጨቄን ላቋርጥ? ከዚያ ካርዴ አለቀ። ካርድ ገዝቼ ብደውል... አላነሳም።"

ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ለእናቱ እንኳ ሳይደውል እያልሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ታውቂ እንደሆነ ላጣራ ነዋ! አንቺ ካላወቅሽ እኔ ይዤው እቀበራለሁ ብዬ።"

አርባ ቀን ሙሉ እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷም ከእኔ ስትደብቅ!

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አልኳት። "ዝም በይ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። "መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ።" "የወለድኩት እኔ ነኝ!" ተጣላን። በልጇ ተዝካር ቀን፣ ጓዳ ውስጥ፣ ቄሶቹ እንዳይሰሙን በሹክሹክታ ተጣላን። ሲደክማት እጇን ዘረጋች። "አሰሚኝ" አለች።

አስራ ዘጠኝ ሰከንድ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሰማች። "ድገሚው" አለች። ደገምኩላት። "ድገሚው።"

ዛሬ ጠዋት ወደ አሰላ ልመለስ ስል፣ "እንዴት እንደሚከፈት አሳዪኝ" አለችኝ። ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ይችን ተጫኚ፣ ሲያልቅ መልሰሽ እሷኑ። ቶሎ ገባት። ሳመችኝና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቦርሳዬን ይዤ አጥሩ ጋ ስደርስ ድምፁ ከቤት ውስጥ ተሰማኝ። "...ስትጨርሱ ደውሉልኝ።"

"ጨርሰናል ልጄ" አለችው። "ጨርሰናል።"