በስልክ የተጫወትነው ዳማ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 1976 ዓ.ም.

ውድ ነመራ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ ለአንተ ዓይነቱ ሰው የሚስማማውን ቃል ያሳየኝ አልነበረም።

ከጊምቢ የላክኸው ደረሰኝ። ወደዚያ ከተዛወርክ ወዲህ ለእነሱ እንደምትጫወት፣ እሑድም በስልክ ዳማ እንደምትገጥመን ጽፈሃል። «አሁን ሽልማቱ ለቡድኑ በሙሉ ስለሆነ እንደ ድሮው መደባበቅ የለም» ትላለህ። እውነት ለመናገር ሽልማት የሚጠብቅ አፍ ለቡድን ምን ይረባል?

ሽልማት ሳይኖር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቆርኪ ደርድረን እንዴት እንጫወት እንደነበር ረሳኸው? እኔ ስልኩን ይዤ፣ ልብስ ሰፊው ጉሉማ «ቆይ ኦቦ ጨመዳ፣ ይበሉናል» ሲል፣ አንተ «ዝም ብለህ ልብስህን ስፋ፤ ይሄ ቁልፍ መሰለህ?» ስትለው፣ እሱም «ቁልፍስ ቢሆን አንተ የት ታውቀዋለህ» ሲልህ፣ እየተሰዳደብን ጊምቢን እንረታ ነበር። ማን ምን እንዳለ የሚቆጥር አልነበረም።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሦስታችን ጥቂት ለተሳሳተ ሬዲዮ ይሰጣል አለ። ከዚያ ወዲያ ስድቡም ምክሩም ጠፋ። በመጨረሻው ጨዋታ ጉሉማ «በቀኝ እንግፋ» አለ።

«ነመራ፣ ምን ትላለህ?» አልኩህ።

ገበታውን ብዙ ካየህ በኋላ «ጥሩ ነው» አልክ።

ጊምቢዎች ባንድ ዝላይ ሦስት በሉን፤ ተሸነፍን። ወደ ቤት ስንሄድ እየሳቅህ «እኔማ አይቼው ነበር፤ ሳይገፋ ባርመው ስህተቱ መች ይቆጠርበታል?» አልከኝ። ሬዲዮውንም ወሰድክ።

ጉሉማን ግን፣ ሚስቱ የጊምቢ ልጅ ናትና፣ «ጨዋታውን ሸጠ» አሉት። ሲጀመር ቀልድ ነበር። በዚህ ዘመን ቀልድ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። አንተም እዚያው ስብሰባ ተቀምጠህ ጣሪያ ታይ ነበር። አሁን ልብስ የሚያሰፋው ሰው ጠፍቷል፤ የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሶ ደጅ ይቀመጣል። ያልከኝን ብናገርም «ወዳጁ ስለሆነ ነው» ይሉኛል። ከአንተ አፍ ካልሰሙ አያምኑም።

ስለዚህ ስማ። ጉሉማ ጨዋታው ካልገባ እኔም አልገባም ብዬ ሊቀመንበሩን እሺ አሰኝቻለሁ። ጉሉማን ማሳመን ነው የከበደኝ። «ዳማ ይቅርብኝ ኦቦ» ሲለኝ ከረመ፤ ትናንት ግን «ቶሌ» ብሎ እሺ አለኝ። እሑድ ቆርኪ ሳይነካ በፊት፣ መንገድ ላይ ያልከኝን ቃል በቃል ለሊቀመንበሩ በስልክ ትነግረዋለህ። ካልተናገርክ ስልኩን እዘጋለሁ፤ እርስ በርሳችሁ ተጫወቱ። ይቅርታህን ለእኔ አትጻፍ፣ አልፈልገውም።

የምትደውለው አንተ ነህ፤ ስልኩን የሚያነሳው ጉሉማ ነው። መጀመሪያ ለእሱ ንገረው። ከዚያ ለሊቀመንበሩ ያቀብለዋል።

ጨመዳ ጃራ